የሴቶች ኅብረት በማኅተም አልተጀመረም

ሰሞኑን ስለ ክርስቲያን ሴቶች ኅብረት አጀማመር የሚያወራ አንድ ጽሑፍ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር ሰነበተ። እኛ ቱሉ ዲምቱ ደግሞ ነገሩ ከስልክ አልፎ መንደር ገብቷል። አንዳንድ ባሎች «ይኸው! እኔ ስል አልነበር?» እያሉ ነው። ከሽማግሌዎችም መካከል የረቡዕ ጠዋቱ የእህቶች ጸሎት ይቅርና ከእሑዱ ፕሮግራም ጋር ይቀላቀል የሚል ሐሳብ ያነሱ አሉ። ጽሑፉን ደጋግሜ አነበብኩት። መልስ ያስፈልገዋል።

መጀመሪያ የሚለውን ሳላጣምም ላስቀምጥ። ጸሐፊው አምስት ነገር ይላሉ። አንደኛ፣ የሴቶች ኅብረት የሚባለው በ19ኛው መቶ ዘመን እንግሊዝ አገር ተወልዶ በሚሲዮናውያን ሚስቶች በኩል ወደ እኛ የገባ የውጭ ልማድ ነው። ሁለተኛ፣ ሲጀመር ሻይና የእጅ ሥራ እንጂ መንፈሳዊ ቁም ነገር አልነበረውም። ሦስተኛ፣ በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ለብቻው የሚሰበሰብ የሴቶች ኅብረት የለም። አራተኛ፣ ኅብረቱ ሴቶችን ከቤታቸው ያስወጣል፣ በቤተ ክርስቲያን ውስጥም ሌላ ቤተ ክርስቲያን ይፈጥራል። አምስተኛ፣ ዛሬ በየኮንዶሚኒየሙ ያለው ኅብረት መዋጮና ሐሜት በዝቶበታል፤ ስለዚህ ይታጠፍ።

አጻጻፋቸው ለስላሳ ነው። ስድብ የለበትም። እናቶችን እንደሚያከብሩ ደጋግመው ጽፈዋል፣ እኔም አምናቸዋለሁ። ችግሩ ያለው ታሪኩን በሚጀምሩበት ቦታ ላይ ነው። ለእሳቸው ኅብረት የሚጀመረው ኮሚቴ ሲመረጥና ደብዳቤ ሲጻፍ ነው። ከዚያ በፊት ሴቶች ያደረጉት ሁሉ አልተቆጠረም። እንዲህ ከቆጠርን ደግሞ የሴቶች ታሪክ ሁልጊዜ ዘግይቶ ይጀምራል፣ ሁልጊዜም ሌላ ሰው የሰጣቸው ይመስላል።

ከውጭ ገባ ወደሚለው ልሂድ። ግማሹን እቀበላለሁ። ማሪ ሰምነር የተባለች የእንግሊዝ ቄስ ሚስት በ1876 እ.ኤ.አ. በሃምፕሻየር፣ ኦልድ አልረስፎርድ በምትባል የገጠር አጥቢያ የእናቶች ማኅበር መሥርታለች። ማኅበሩ ዛሬ በብዙ አገሮች ባሉ የአንግሊካን አብያተ ክርስቲያናት ይገኛል። ከእሷም በፊት በ1855 እ.ኤ.አ. ኤማ ሮባርትስ የሴቶች የጸሎት ማኅበር ጀምራ ነበር። በዚያው ዓመት ሌዲ ኪኔርድ ለንደን ውስጥ ለሴቶች ማረፊያ ቤት ከፈተች፤ ከክራይሚያ ጦርነት ጋር በተያያዘ የሚመላለሱ ነርሶች ያርፉበት ነበር። ሁለቱ በ1877 እ.ኤ.አ. ተዋሕደው እኛ ወ.ሴ.ክ.ማ. (የወጣት ሴቶች ክርስቲያናዊ ማኅበር) የምንለው ሆኑ። ሊቀመንበር፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥ፣ ቃለ ጉባኤ ያለው አደረጃጀት በአብዛኛው በዚህ መንገድ እንደመጣ አልከራከርም።

ግን ኦልድ አልረስፎርድ ላይ ምን ሆነ? የማሪ ሰምነር ትልቋ ልጅ በ1876 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያ ልጇን ወለደች። አያቲቱ የራሷ ዘመን ትዝ አላት። የመጀመሪያ ልጇን ሲያስታቅፏት ምን ያህል ጨንቋት እንደነበር አሰበች። ከዚያ የአጥቢያውን እናቶች፣ ባለጸጋዋንም ድኻዋንም፣ ወደ ቤቷ ጠራች። ሰዎቹ መጡ። እሷ ግን ድፍረት አጥታ መናገር አቃታት፤ በሚቀጥለው ሳምንት ኑ ብላ ሸኘቻቸው። በሳምንቱ ተመልሰው ሲመጡ ተናገረች። ከዚያ በኋላ ለዘጠኝ ዓመት ያህል ነገሩ በዚያች አጥቢያ ውስጥ ቆየ። በ1885 እ.ኤ.አ. አንድ ጳጳስ ፖርትስማዝ ላይ በተደረገ የቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ለተሰበሰቡት ሴቶች እንድትናገር ጋበዟት፤ ከዚያ ተስፋፋ። እንግዲህ እንግሊዝ ውስጥም ቢሆን ነገሩን የጀመረው የአንዲት አራስ ቤት ነው። ጳጳሳቱ የደረሱት እናቶቹ ለዓመታት ከተሰበሰቡ በኋላ ነው።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። እኔ የወንጌላውያን አማኝ ነኝ። እናቴ ግን የማርያም ማኅበር ትጠጣ ነበር። ማኅበርተኞቹ ሴቶች ናቸው። ወር በገባ በ21 ቀን ተራ የደረሳት ዳቦ ትደፋለች፣ ጠላ ትጠምቃለች። የነፍስ አባት መጥተው ይጸልያሉ፣ ይባርካሉ። ከዚያ ጽዋው ለባለ ተራዋ ይተላለፋል። ያልመጣች ካለች ምን ሆና ነው ተብሎ ይጠየቃል። የታመመች ትጎበኛለች፣ ያዘነች ትጽናናለች፣ የተጣሉት ሳይታረቁ ጽዋ አይቀምሱም። በተራ ማስተናገድ አለ፣ መዋጮ አለ፣ ጸሎት አለ፣ መጠያየቅ አለ። ይህን ሁሉ እናቶቻችን ሚሲዮናዊ ሴት አላስተማረቻቸውም። ወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ሲስፋፉ ወደ እነሱ የመጡት ሴቶች በዚህ ባህል ውስጥ ያደጉ ናቸው። አብሮ መሰብሰብን ይዘውት መጡ። በትምህርተ ሃይማኖት የምንለያይበት ብዙ ነገር አለ፤ ይህን ግን መካድ የእናቶቻችንን ውለታ መብላት ነው።

በሚሲዮኖች በኩል ያለውንም ታሪክ ብንወስድ ሥራው የፈረንጅ ሴቶች ብቻ አልነበረም። አስቴር ጋኖን እናስታውስ። በባርነት ተሽጣ ወደ ዓረብ አገር በመርከብ ስትወሰድ በ1886 እ.ኤ.አ. ጣሊያኖች መርከቡን ያዙት፣ ነጻ ወጣች። ምጥዋ አጠገብ እምኩሉ በነበረው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ተማረች። ከዚያ ከኦኔሲሞስ ነሲብ ጋር ሆና በ1899 እ.ኤ.አ. ለታተመው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ ቃላት ሰበሰበች፣ በትርጉሙም ሠራች። ወደ ወለጋ ተመልሳ በነቀምት አስተማረች። የኦኔሲሞስን ስም ብዙ ሰው ያውቀዋል። የእሷን የሚያውቁት ግን ጥቂቶች ናቸው። ጸሐፊው «በሚሲዮናውያን ሚስቶች በኩል» ሲሉ እንደ አስቴር ያሉትን ሴቶች ሳያስቡት ከታሪኩ አወጧቸው።

የወላይታም ታሪክ አለ። ሚሲዮናውያኑ በጣሊያን ወረራ ምክንያት በ1929 ዓ.ም. ከወላይታ ሲወጡ የተጠመቁት አማኞች 48 ብቻ ነበሩ። ከወረራው በኋላ ተመልሰው ሲመጡ ወደ 10,000 የሚጠጋ አማኝ ጠበቃቸው። በነዚያ ዓመታት ከአማኞቹ መካከል የታሰረ፣ የተገረፈ ነበር። በዚያ ዘመን እስረኛ የሚበላው በአብዛኛው ከቤት የሚሄድለትን ስንቅ ነበር። ያንን ስንቅ ማን ፈጨው? ማን ጋገረው? ማን ተሸክሞ ሄደ? በወቅቱ የሚሲዮናዊ ሚስት በአካባቢው አልነበረችም። ቃለ ጉባኤም የያዘ የለም። ሴቶቹ ግን ያለ እርስ በርስ መደጋገፍ ያንን ሁሉ ሊሸከሙ አይችሉም ነበር።

ሌላው ቢቀር፣ ከውጭ መጣ ማለት የኛ አይደለም ማለት አይደለም። የደቡብ አፍሪካ ጥቁር ሴቶች ማንያኖ የሚሉት የጸሎት ኅብረት አላቸው። እዚያም ሚሲዮኖች እጃቸው ነበረበት። ሴቶቹ ግን የራሳቸው አደረጉት። የሚሰበሰቡት ሐሙስ ነው፤ ምክንያቱም በነጮች ቤት የሚሠሩት የቤት ሠራተኞች ግማሽ ቀን እረፍት የሚያገኙት ሐሙስ ነበር። ያንን ቀን የመረጠላቸው የሠራተኛዋ ኑሮ ነው።

ሁለተኛው ነጥብ፣ ሻይና የእጅ ሥራ የሚለው፣ ከሁሉም በላይ ያሳዘነኝ ነው። ጸሐፊው «ከመርፌና ከስኒ ያለፈ ነገር አልነበረም» ይላሉ። መርፌ መንፈሳዊ አይደለም ያለው ማነው? የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 9 ላይ ጣቢታ ስትሞት ጴጥሮስን የከበቡት መበለቶች ናቸው። እያለቀሱ ያሳዩት ከእነሱ ጋር ሳለች የሠራችላቸውን ቀሚስና ልብስ ነው። ልብሱ ምስክርነቷ ነበር። መጽሐፉ ደቀ መዝሙር ይላታል። ከተማዋ ኢዮጴ ነበረች፣ ሬሳዋን አጥበው በሰገነት ያኖሩትም፣ ጴጥሮስን ያስጠሩትም የሚያውቋት ሰዎች ናቸው። ከሞት ስትነሣ ጴጥሮስ ቅዱሳንንና መበለቶችን ጠርቶ ነው ያስረከባቸው። ሐዋርያው ልብሱን ሲያሳዩት ይህ ተራ ነገር ነው ብሎ ገፋ አላደረጋቸውም።

ስኒውስ? እዚህ ላይ ጸሐፊው የደርግን ዘመን የዘለሉት ይመስለኛል። አብያተ ክርስቲያናት ሲዘጉ፣ ሕንጻዎች ሲወረሱ፣ ሰባኪዎች ሲታሰሩ አማኙ የት ገባ? ቤት ገባ። ቤት ውስጥ ደግሞ ሰው መሰብሰቡ ሳያስጠረጥር የሚቻለው መቼ ነው? ቡና ሲፈላ ነው። በዚያ ዘመን የነበሩ እናቶች ደጋግመው የሚነግሩን ይህንን ነው። ረከቦቱ ይቀርባል፣ ዕጣኑ ይጨሳል፣ በር ላይ አንዷ ትቀመጣለች። መዝሙር በሹክሹክታ ይዘመራል። መጽሐፍ ቅዱሱ ከጉልበት ላይ በነጠላ ተሸፍኖ ይነበባል። የቀበሌ ሰው ብቅ ካለ «ቡና ጠጡ» ይባላል። የዚያን ጊዜ ስኒ ወሬ ማድመቂያ አልነበረም። ያ ቡና ባይፈላ ኖሮ ዛሬ እሑድ የሚሞሉት አዳራሾች ብዙዎቹ ሰው አያገኙም ነበር።

በአደባባይ የከፈሉትም አሉ። የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ በሐምሌ 1971 ዓ.ም. ታፍነው ተወስደው ተገደሉ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ጸሐይ ቶሎሳ ከዚያ በኋላ ታስረው ወደ አሥር ዓመት ያህል ያለ ፍርድ ቆዩ። ይህን የማነሳው የሴቶችን እምነት ከስኒ ጋር ብቻ አያይዞ ማቃለል ምን ያህል ሚዛን እንደሚጎድለው ለማሳየት ነው።

ሦስተኛውን ነጥብ በአጭሩ እመልሳለሁ። «በመጽሐፍ ቅዱስ የሴቶች ኅብረት የለም» የሚለው ኮሚቴና ፕሮግራም ያለው ኅብረት ለማለት ከሆነ ልክ ናቸው፣ የለም። ኳየርም የለም። የወጣቶች ኅብረትም የለም። የሰንበት ትምህርት ቤትም የለም። እነሱ ይታጠፉ ግን አላሉም። ለብቻቸው የተሰበሰቡ ሴቶች የሉም ለማለት ከሆነ ግን ልክ አይደሉም። ጳውሎስ ፊልጵስዩስ ሲደርስ በሰንበት ቀን ወደ ወንዝ ዳር ወጥቶ ተቀምጦ የተናገረው ለተሰበሰቡ ሴቶች ነው። ልድያ ከእነሱ አንዷ ነበረች። የፊልጵስዩስ ቤተ ክርስቲያን የተጀመረችው ከዚያ የሴቶች ጸሎት ነው። ሴቶቹ ደግሞ ጳውሎስ ከመምጣቱ በፊት እዚያ ነበሩ። ለቲቶ በተጻፈው መልእክት ምዕራፍ 2 ላይ አሮጊቶች ቈነጃጅቱን እንዲያስተምሩ ታዟል። መቼና የት ያስተምሯቸው? ማርያምም ፀንሳ ሳለች ወደ ኤልሳቤጥ ሄዳ ሦስት ወር ያህል ተቀምጣለች። ሁለት ነፍሰ ጡሮች፣ አንዷ የገፋች፣ አንዷ ልጅ እግር። ከዚያ ቤት የወጣውን መዝሙር እስከ ዛሬ እንጸልይበታለን።

አራተኛው ክስ ከበድ ያለ ነው። ኅብረቱ ቤት ያስፈታል፣ ቤተ ክርስቲያን ይከፍላል የሚለው። በመጀመሪያ የማምነውን ልናገር። በጸሎት ስም ተጀምረው መስመር የሳቱ ስብስቦች አሉ። አንዷ «ጌታ አሳየኝ» እያለች የሰው ትዳር ውስጥ ስትገባ አይቻለሁ። «ባልሽ ለአንቺ አይደለም» የተባለች እህት አውቃለሁ። ይህ ኃጢአት ነው። እረኞች ሊገሥጹት ይገባል፣ የኅብረት መሪዎችም ዝም ሊሉ አይገባም። በዚህ ጸሐፊው ልክ ናቸው።

ግን ከዚህ ተነሥቶ ኅብረቱ በተፈጥሮው ከፋፋይ ነው ማለት አይቻልም። በከተማችን ዳርቻ ስንት አጥቢያ ለሁለት ሲከፈል አይተናል? ከመሬት ካርታ፣ ከባንክ ፊርማ፣ ከመድረክ ጋር የተያያዘው ጠብ በአብዛኛው የተነሣው ወንዶች በሚመሩት ስብሰባ ውስጥ ነው። በዚያ ምክንያት የሽማግሌዎች ጉባኤ ይታጠፍ ያለ ሰው አልሰማሁም። ጥፋት ያጠፋው ይታረማል፣ ጉባኤው ይቀጥላል። ለሴቶችም ሚዛኑ ይኸው ይሁን።

ታሪክም ከተነሳ፣ በጣና ዙሪያ የሆነውን እናንሣ። ዐፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን እምነት ሲቀበሉ ብዙ መኳንንት አብረው ሄዱ። ወለተ ጴጥሮስ (1592–1642 እ.ኤ.አ.) የንጉሡ ሹም ሚስት ነበረች። እሷ ግን አልሄደችም። ከቤቷ ወጥታ መነኮሰች፣ ከባልንጀራዋ ከመነኩሲቷ እኅተ ክርስቶስ ጋር ሆና ሰው ሰበሰበች፣ ተሰደደች፣ በየሄደችበት የአማኞች ማኅበር ተከለች። እኅተ ክርስቶስም ከእሷ ሞት በኋላ ማኅበሩን መራች። አዎ፣ ባሏን ትታ ነው የወጣችው፤ ጸሐፊው ይህን ለክሳቸው ማስረጃ ሊያደርጉት ይችላሉ። ግን ያን ጊዜ ቤተ ክርስቲያንን ማን ተወ? ማንስ ጠበቀ? በ1632 እ.ኤ.አ. ንጉሡ የቀድሞው እምነት ይመለስ ብለው ሲያውጁ፣ ሳይለቁ የጠበቁት እንደ እሷ ያሉት ነበሩ። የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንም እንደ ቅድስት የምታከብራት በዚህ ነው።

ቤት ያስፈታል ስለሚባለው ደግሞ የእኛን ሰፈር ሰዓት ልንገራችሁ። እዚህ ባል ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተነሥቶ ወደ ከተማ መኪና ይጠብቃል። ሲመለስ መሽቷል። ልጆች ጠዋት ትምህርት ቤት ይሸኛሉ። የረቡዕ ጸሎት የሚጀመረው ከዚያ በኋላ ከሦስት ሰዓት ላይ ነው፤ አምስት ሰዓት ሳይሞላ ያልቃል፣ ልጆች ለምሳ ሳይመጡ ሁሉም ቤቱ ነው። አንዳንዷ ሽሮዋን ለቅማ የምትጨርሰው እዚያው ተቀምጣ ነው። ከዚህ ሰዓት የተወሰደበት ባል ካለ መጥቶ ይናገር።

አምስተኛው ነጥብ የመጨረሻው ነው። ጸሐፊው ይታጠፍ የሚሉትም በእሱ ላይ ተመሥርተው ነው።

መዋጮን በሚመለከት የተናገሩት ያመኛል፣ እውነትነት አለውና። የኅብረት ምሥረታ በዓል ሲደርስ አንድ ዓይነት ቀሚስ ይባላል። ጨርቁ ይገዛል፣ ሰፊ ይከፈላል፣ ነጠላው በጥለቱ ይመረጣል። በሰው ቤት ልብስ እያጠበች ልጆቿን የምታሳድግ እህት ይህን ከየት ታመጣለች? «አሞኛል» ብላ ትቀራለች። ከዚያ ለሌላውም ሳምንት ትቀራለች። ይህ በእኛም ዘንድ ሆኗል። ልንተወው ይገባል። በኮሚቴም «ልብስ ያልገዛች በመዝሙር አትቆምም» የሚባል ነገር ጨርሶ መነሣት የለበትም።

መድኃኒቱ ግን ኅብረቱን ማጠፍ አይደለም። በ1956 እ.ኤ.አ. ሻንቲ ሰለሞን የተባለች ህንዳዊት ከሌሎች አገሮች ሴቶች ጋር በእስያ ስትዞር ወደ ኮሪያ መግቢያ ቪዛ ተከለከለች። ጓደኞቿ ሲሄዱ ፊሊፒንስ ቀረች። እዚያ ሆና ስታስብ አንድ ሐሳብ መጣላት። ጸሎት ድንበር አያግደውም። ስለዚህ እያንዳንዷ ሴት ስትጸልይ የአገሯን ትንሿን ሳንቲም ታስቀምጥ። ሀብታሟም ትንሿን ሳንቲም፣ ድኻዋም ትንሿን ሳንቲም። ሴቶቹ ተቀበሉት፣ በብዙ አገር ተስፋፋ፣ ዛሬም አለ። ያንን ሥርዓት ያወጣችው ሴት ናት፣ የተቀበሉትም ሴቶች ናቸው። እኛም ብንፈልግ እናደርገዋለን። መዋጮ ለሁሉም እኩልና ለሁሉም የሚቻል ይሁን ብሎ መወሰን የአንድ ረቡዕ ሥራ ነው።

ሐሜቱም አለ። የጸሎት ርዕስ ተብሎ የተነገረ ምሥጢር ማታ ፎቅ ለፎቅ ሲዞር ሰምቻለሁ። የቆሰለችው እህት ዳግመኛ አፏን አትከፍትም። ይህን የሚያስቆመው መሪዎቹ ከመካከላችን ወሬ ያወጣችውን በግልጽ ሲነግሯት ነው። እሑድ ፕሮግራም ላይ ተቀላቅለን ብንቀመጥ ግን ሐሜቱ አይቆምም፤ መጸለዩ ብቻ ነው የሚቆመው።

ለመሆኑ በእኛ ብሎክ ኅብረቱ እንዴት ነው የተጀመረው? ሰው ዕጣ ደርሶት ሲገባ ማንም ማንንም አያውቅም ነበር። አንዱ ከአራት ኪሎ፣ አንዱ ከመርካቶ፣ አንዱ ከሳሪስ የመጣ ነው። እድሩ እዚያው የድሮ ሰፈር ቀርቷል። ውኃ በፈረቃ ነው፣ ጄሪካን ይዞ አራተኛ ፎቅ መውጣት ነው። አንዲት የመጀመሪያ ልጇን ያረገዘች ወጣት ሌሊት ምጥ ያዛት። ባሏ የከባድ መኪና ሾፌር ነው፣ ጅቡቲ መንገድ ላይ ነበር። ግድግዳ ስትመታ የሰማች ጎረቤት ተነሣች። ጎረቤቷ ሌላዋን ቀሰቀሰች። የሚኒባስ ሾፌር ስልክ ያላት ተገኘች። ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል አደረሷት፣ በሰላም ወለደች። ከዚያ በኋላ በተራ ያራሷት እነዚያው ሴቶች ናቸው። አንዷ አጥሚት ስታመጣ ሌላዋ ልብስ ታጥባለች። ከመካከላቸው የኦርቶዶክስ አማኝ የሆነች ነበረች፤ ዛሬም ገንፎ የሚያስፈልጋት አራስ ስትኖር መጀመሪያ የምትጠራው እሷ ናት። የወንጌል አማኞች የሆኑት በአራሷ ቤት ተሰብስበው መጸለይ ጀመሩ። ልጁ እያደገ ሲሄድ ጸሎቱ ከቤት ወደ ቤት ይዞር ጀመር። ቤት ሲጠብ ወደ ኮሙናሉ ወረደ። የአጥቢያችን ቤተ ክርስቲያን «የእህቶች ኅብረት» ብሎ የመዘገበን ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። በመዝገቡ ላይ የተጻፈው የምሥረታ ቀን ግን የተመዘገብንበት ቀን ነው።

እሑድ እንቀላቀል ለሚሉን ሽማግሌዎች አንድ ጥያቄ አለኝ። በአክብሮት ነው የምጠይቀው። እሑድ አዳራሹ ይሞላል። መዝሙር አለ፣ ስብከት አለ፣ ማስታወቂያ አለ። ፅንስ የወረደባት እህት እዚያ ተነሥታ ትናገራለች? ባሏ የሚመታት ሴት፣ ባሏ አጠገቧ ተቀምጦ፣ ጸልዩልኝ ትላለች? የማኅፀን ሕመም ያለባት ለወንድ አገልጋይ ምን ብላ ትነግራለች? እነዚህ ነገሮች ረቡዕ ይነገራሉ። ተነግረውም አብረን ጤና ጣቢያ ሄደናል፣ አብረን የባል ሽማግሌ ልከናል፣ አብረን አልቅሰናል። ይህ ሁሉ እሑድ ላይ ቦታ ካለው ቦታውን አሳዩን።

ጸሐፊው ኅብረቶቹ ሳይታጠፉ በፊት ሽማግሌዎች አጀማመራቸውን ያጣሩ ብለዋል። በዚህ እስማማለሁ፤ እንዲያውም ቶሎ ይደረግ። ማጣራቱ ግን ከመዝገብ ቤት አይጀመር። በየአጥቢያው በደርግ ዘመን ቡና እያፈሉ ያስጸለዩ እናቶች አሉ። ብዙዎቹ አርጅተዋል፣ ዓይናቸው የደከመም አለ። ወጣቶቹ ስልካቸውን ይዘው ይሂዱ፣ ይቅረጿቸው። የት ትሰበሰቡ ነበር፣ ማን ጀመረው፣ ማን በር ላይ ይቀመጥ ነበር ብለው ይጠይቁ። በእኛ በኩል የመጀመሪያዎቹን ሦስት እናቶች ለማነጋገር ከዚህ ረቡዕ እንጀምራለን፤ የተቀዳውንም ለሽማግሌዎች እናስረክባለን።